ውሃው ምን አለ?

አላመንኩም። እጄ ይጽፋል እንጂ ልቤ አሁንም አላመነም።

ጠዋት ከመናኸሪያ በባጃጅ ወደ ሥራ እየሄድኩ የድሮ ተማሪዎች ግሩፓችንን ስከፍት «ዶክተር አስናቀች አረፉ» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። የጻፈው ልጅ ወሬ ላይ ይቸኩላል፤ ከዚህ በፊትም ደህና ሰው ገድሎብን ያውቃል። ስለዚህ ተስፋ አደረግኩ።

ለአንዷ ጓደኛዬ ደወልኩ። «እኔም ግሩፑ ላይ ነው ያየሁት» አለችኝ። ይሄ አይቆጠርም። ሌላ ሰው ጋ ደወልኩ፣ ስልኩ ተይዟል። በመጨረሻ የራሳቸውን የዶክተርን ስልክ ደወልኩ። ታላቅ እህታቸው አነሱት። «ዶክተርን ፈልጌ ነበር» አልኩ። ከኋላቸው የሰው ለቅሶ ይሰማል።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ዶክተር አስናቀች እዚህ ሀዋሳ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ያስተማሩን መምህራችን ነበሩ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቦርሳቸው ቆሎ የማያጣ ሰው። ታዲያ ቆሎውን ላቦራቶሪ በር ላይ ሰጥተውን፣ እዚያው ቆመን በልተን፣ እጃችንን ታጥበን ካልሆነ አያስገቡንም። በረሃብ መሥራትም፣ በቆሎ እጅ መሥራትም ክልክል ነበር።

አንድ አነጋገር ነበራቸው፤ «ውሃው ምን አለ?»

ፒሲአር የሚባለውን በኮሮና ጊዜ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የምትፈልጉትን ዲኤንኤ፣ ኢምንት እንኳ ቢሆን፣ በዓይን እስኪታይ ድረስ ማባዣ ዘዴ ነው። የበሽታው ዲኤንኤ ናሙናው ውስጥ ካለ በመጨረሻ የምታበራ መስመር ትወጣለች፤ ከሌለ አትወጣም። ከናሙናዎቹ ጎን ግን ሁልጊዜ በናሙና ፋንታ ውሃ ብቻ የተጨመረበት አንድ ቲዩብ ይገባል። እሱ ላይ መስመር መታየት የለበትም። ከታየ የሆነ ቦታ የማይፈለግ ዲኤንኤ ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ሌላውም ውጤት አይታመንም። ውሃው ንጹህ ከሆነ ግን ውጤቱን መቀበል ነው።

የእኛ ዓይን በቀጥታ ወደ ናሙናችን ይሮጣል። እሳቸው ከኋላችን መጥተው «ውሃው ምን አለ?» ይላሉ። እከሌ ሊያገባ ነው ብለን ስናወራ እንኳ «ውሃው ምን አለ?» ይሉናል፤ አጣርታችኋል ወይ ማለታቸው ነው።

የማስተርስ ጥናቴ አጠውልግ በሚባለው የእንሰት በሽታ ላይ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የእናቶች ማኅበር የእንሰት ችግኝ አፍልቶ ለጎረቤት ሊያከፋፍል ተዘጋጅቷል። እንሰት ዓመታት ጠብቀው የሚበሉት የቤተሰብ ቀለብ ነው። የታመመ ችግኝ ከተከፋፈለ የሰፈሩ ማሳ ሁሉ ይያዛል። ናሙና ወስደን ስንመለስ የማኅበሩ መሪ እማማ ዱካሌ «ክፉም ከሆነ ንገሩኝ። ውሸት ግን አልፈልግም» አሉን።

ውጤቱ ወጣ። ሁሉም ታሟል። አንድም ጤነኛ የለም።

የፕሮጀክታችን ኃላፊ ወዲያው ችግኙ ተነቅሎ ይቀበር አሉ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ በሽታው እንዳይዛመት ፈርተው ነው። እኔም የእማማ ዱካሌ ፊት እየታየኝ ስልኬን አንስቻለሁ።

ዶክተር መጡ። «ውሃው ምን አለ?»

ውሃው ያበራል። ደብዘዝ ብሎ፣ ግን ያበራል።

«እንግዲያው ውሃችንም አጠውልግ ይዞታል» አሉ።

ኃላፊው «ዶክተር፣ ይቺማ ደብዛዛ ናት እኮ። ጊዜ የለንም» አሏቸው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እነዚያ ሴቶች መቆፈሪያ ከማንሳታቸው በፊት እኛ እንድገመው።»

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ፍለጋ ተጀመረ። እርስ በርስ ተጠራጠርን፤ ጓንት ያልቀየረው ማነው፣ ክዳን ከፍቶ ያወራው ማነው ተባባልን። ዶክተር ግን እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ እየሞከሩ ሄደው ሄደው አገኙት። ያበላሸብን ውሃው ራሱ ነበር፤ ናሙናዎቹም የሚዘጋጁት በዚያው ውሃ ነው። ያንን ውሃ ደግሞ ማንንም ስለማያምኑ ሁልጊዜ በየቲዩቡ የሚከፋፍሉት እሳቸው ናቸው።

አዲስ የገቡት ተማሪዎች ሳይቀሩ ሁላችንንም ሰበሰቡን። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «ከዛሬ ጀምሮ የእኔንም ውሃ ጠይቁ።»

እንደዚያ ቀን ሰው አክብሬ አላውቅም።

በአዲስ ውሃ ደገምነው። አብዛኛው ችግኝ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ የታመሙት ጥቂቶች ብቻ ተነቀሉ። ለእማማ ዱካሌ ልንነግራቸው ስንሄድ ዶክተር ስህተታቸውንም ጨምረው ነገሯቸው። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

እማማ ዱካሌ ሳቁ። «ዶክተርም ይሳሳታል?»

«ዶክተር ሲሳሳትማ በማሽን አባዝቶ ነው፣ እማማ።»

ሲሸኙን ከጤነኞቹ አንዷን ችግኝ ሰጧቸው። ዶክተር ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፈዋት ገቡ።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ሄጄ ነበር። ድንኳኑ የተጣለው ግቢው ውስጥ ከዚያች እንሰት አጠገብ ነው። አድጋ ከአጥሩ በላይ ሆናለች። ሰው ሲያለቅስ እኔ ቅጠሏን አገላብጬ አየሁ። የሥራ በሽታ ነው፣ ይቅር በሉኝ። ጤነኛ ናት።

ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት ያስተማሩኝን ነው ያደረግኩት። እንደሰማሁ አላመንኩም። ደወልኩ፣ ጠየቅኩ፣ ደግሜ ጠየቅኩ። የሆነ ቦታ ተበላሽቶ ይሆናል፣ አንድ ሰው መጥቶ እንድገመው ይላል ብዬ ስህተት ፈለግኩ። እቤትዎ ድረስ መጥቼ ፈለግኩ።

ውሃው ንጹህ ነው፣ ዶክተር።

ደህና ይሁኑ።