የዋንዛው ጥላ

ዛሬ ጠዋት ደረቅ የዋንዛ ቅጠል ቆርቆሮው ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁና አባቴ ትዝ አለኝ።

ይህን ዋንዛ ቴፒ ግቢያችን ውስጥ የተከለው እኔ በተወለድኩበት ሐምሌ ነው። ረጅም እንጨት አቁሞ ጥላውን አየ፤ ቀትር ላይ ጥላው ወደ ደቡብ፣ ወደ አጥሩ ወደቀ። ደስ ብሎት እዚያው ቆፈረ። ዛፉ ሲያድግ ግን የታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ዞሮ ቡና የምናደርቅበት አልጋ ላይ አረፈ። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ቡናችን ሻገተ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሐሰን መጥረቢያ ይዘው መጡ።

«ፀሐይ በበጋ ቤቷን እንደምትቀይር ረሳኸው? በል እንቁረጠው» አሉት።

አባቴ ዛፉን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«አልጋው እግር አለው፤ ዛፉ የለውም» አለ።

እኔ አልጋው ሲሄድ ለማየት እስኪመሽ ተቀምጬ ጠበቅኩ። በማግስቱ አባቴ የአልጋውን እግሮች አንድ በአንድ ነቅሎ አጥሩ ሥር ተከላቸው።

አሁን ደግሞ እኔ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። የእሷን ችግኝ የምተክለው በሐምሌ ቢሆንም እንጨቱን ዛሬ፣ በጥር አቁሜ ጥላው የሚያርፍበት ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩ። አልጋው አንዴ ተራምዷል፤ ይበቃዋል።