የመድና ሜትርና የረይሃና ወገብ

መድና በህርማታ ገበያ የሴት ልብስ መስፋት ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት የሰፈሯን የሰቶ ሰመሮን ሴቶች ግማሹን ለክታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። የማን ወገብ ከወለደች በኋላ እንደሰፋ፣ ማን ባሏ ርቆ ከሄደ ወዲህ እንደከሳች፣ የማን አንዱ ትከሻ ከሌላው እንደሚዘቀዝቅ ደብተሯ ላይ አለ። ለማንም አትናገርም። የሴት ወገብ ቁጥር ከልብስ ሰፊዋ አፍ ከወጣ ሱቁን መዝጋት ነው የቀረው ትላለች።

የራሷን ቁጥር ግን ሌላ ሰው ነገራት። መስከረም ላይ እግሯ እያበጠ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ሲያቅታት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ሲስተር ብርሃንነሽ ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ ሰማንያ ስምንት ኪሎ። የደም ስኳሯም ድንበሩ ላይ ቆሟል። ሲስተር ነገሩን አላለሳለሰችውም፤ በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ኪሎ ካልወረደ ኪኒን እናስጀምርሻለን አለቻት። የመድና እናት በዚሁ በስኳር አንድ እግሯን አጥታ ነው የሞተችው። የስፌት መኪና ደግሞ የሚሠራው በእግር ነው። መድና ብዙ አላሰበችም፤ በማግስቱ ሸራ ጫማ ገዛች።

አብራት የምትሮጠው ረይሃና ሆነች። ረይሃና የባሏ የኑሪ ታናሽ እህት ናት፤ ከመድና ሱቅ ሦስት በር ወረድ ብላ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ዝንጅብል ትሸጣለች። እሷን ሐኪም አላዘዛትም። ብቻዬን ስሮጥ ሰው ይስቅብኛል ብላ ለምና ያስወጣቻት መድና ናት። ይህን ኋላ ላይ ደጋግማ አስታውሳዋለች፤ ከአልጋዋ የቀሰቀስኳት እኔው ነኝ እያለች።

አጀማመራቸው ትንሽ ነበር። ሱብሂ ተሰግዶ ሰማዩ ገርጣ ሲል ሱሪ ላይ ረጅም ቀሚስ ደርበው አስፋልት ይወጣሉ። አንድ የመብራት ምሰሶ ይሮጣሉ፣ ሁለት ምሰሶ ይራመዳሉ። ከሸቤ ቡና ጭኖ የሚገባ አይሱዙ ሲመጣ ጥግ ይይዛሉ። መጀመሪያ ሰሞን የባጃጅ ሾፌሮች ምን አስሮጣችሁ፣ በነፃ እናድርሳችሁ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ለመዷቸውና ተዉአቸው። መድና በእንቅልፍ እንዳትሸነፍ መላ አበጀች። ማታ ጫማዋን በሩ ሥር፣ ካልሲውን ጫማው ውስጥ፣ ሱሪዋን ወንበሩ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው። እንደ ተቆረጠ ጨርቅ ነው፤ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ከጠበቀሽ መስፋት ብቻ ነው የሚቀረው።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ረይሃና የዒድ ቀሚሷን በፌስታል ይዛ መጣች። ወገቡ ሰፍቷት ነበር። መድና ለካቻት፤ መቶ አራት የነበረው መቶ አንድ ሆኗል። ማሻአላህ አለች፤ ያለው ግን አፏ ብቻ ነው። የሁለቱን ጎን ስፌት ፈትታ፣ በጠመኔ አስምራ፣ አጥብባ ሰጠቻት። በስድስተኛው ሳምንት ያው ቀሚስ ተመልሶ መጣ። ዘጠና ስምንት።

ሰው የሚቀናበትን ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ነው የሚያየው። የመድና ቅናት ግን እጇ ላይ ነበር። በገዛ ጣቷ እየለካች፣ በገዛ ክሯ እያጠበበች፣ ተኩሳ አጣጥፋ ታስረክባለች። የራሷ ቀሚስ ግን ከመስከረም ጀምሮ አንድ ስፌት አልተነካም፤ ሚዛኑም የቀነሰላት ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። እኩል ተነስተን፣ እኩል ሮጠን፣ እሷ ምን ስላደረገች ነው ትላለች።

እውነቱን ለመናገር እኩል አልነበሩም። ረይሃና ከሩጫ በኋላ አንድ ሙዝ ቀምሳ ሱቋን ትከፍታለች። መድና ቤቷ ገብታ፣ ለፍቻለሁ ይገባኛል ብላ፣ ልጇ ሩፈይዳ የሠራችላትን ጨጨብሳ በቅቤና በማር ትበላለች። ይህን ከቁጥር አታስገባውም።

አንድ ቀን ለጢፋ የምትባል ደንበኛዋ ልትለካ መጣች። መድና ተንበርክካ የጉርዷን ጫፍ በስፒል እየያዘች ሳለ፣ ሴትየዋ ከላይ ሆና ረይሃና እንዴት እንዳማረባት፣ ጠዋት ጠዋት እንደምትሮጥ መስማቷን ስታወራ ቆየች። ከዚያ በቅን ልቧ፣ "አንቺስ ለምን አብረሻት አትሮጪም?" አለቻት።

መድና አፏ ውስጥ አራት ስፒል ነበር። ባይኖር ምን ትመልስ እንደነበር እሷም አታውቅም።

አስፋልቱ ላይም ነገሩ ብሷል። ረይሃና ሦስት ምሰሶ በአንድ ትንፋሽ መሮጥ ጀምራለች። አረንጓዴ ሻሿ ከፊት እየራቀ ይሄዳል፤ መድና ዓይኗን የረይሃና ተረከዝ ላይ ተክላ፣ እያለከለከች፣ ምን ታካብዳለች እያለች ትከተላለች። ረይሃና ዞር ብላ "አይዞሽ ሃዳ ሩፈይዳ" ስትላት ደግሞ ይብስባታል። በልጇ ስም፣ የሩፈይዳ እናት ብላ የምትጠራት ለአክብሮት ነው፤ ለመድና ግን አሮጊት ያለቻት ይመስላታል።

በስምንተኛው ሳምንት መድና አዲስ ሜትር ገዛች። አሮጌው ቁጥሩ እየጠፋ አስቸግሯት ነበር። እንደ ልማዷ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መቶ ላይ ሲደርሱ አልገጠሙም፤ አሮጌው በስንት ዓመት ጉተታ ተስቦ ሦስት ሳንቲ ሜትር ረዝሟል። አንድ መቶ ሦስት የሆነ ወገብ በሱ ሲለካ መቶ ይላል ማለት ነው። ደንበኛ አልተጎዳበትም፤ ሴትየዋን በሱ ለክታ ጨርቁንም በሱ ስለምትቆርጥ ልብሱ ልክ ይመጣል። ከዛሬ ጀምሮ ግን የደብተሩ ቁጥር ሁሉ መስተካከል አለበት። እርሳስ አንስታ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለች ረይሃና ቀሚሷን ለብሳ ገባች። እንደገና ሰፍቷታል።

መድና አዲሱን ሜትር ወገቧ ላይ ጠቀለለች። ዘጠና ስምንት። በአሮጌው ቢሆን ዘጠና አምስት ነበር የሚለው።

ለአፍታ ቁጥሩን አየችው። ደብተሩ እዚያው ተከፍቶ፣ እርሳሱም እላዩ ላይ ነበር።

"ዘጠና ስምንት" አለች። "ያው ነው።"

"እንዴት ያው ይሆናል? እየሰፋኝ እኮ ነው" አለች ረይሃና፣ ወገቧ ላይ የተረፈውን ጨርቅ በሁለት ጣት ይዛ።

"ጨርቁ በእጥበት ለቆ ነው።"

የመጀመሪያውን ውሸት አይደለም ብላ ራሷን ልታጽናና ትችል ነበር፤ ሜትሩ ትክክል ነው፣ ቁጥሩም የተነበበው ነው። ሁለተኛው ግን ጥርት ያለ ውሸት ነው። ያንን ጨርቅ የመረጠችው እሷ ናት፤ ቢታጠብ ይሰበሰባል እንጂ አይለቅም። ረይሃና ግን ልብስ ሰፊዋ ያለቻትን አመነች። ስለ ጨርቅ ከመድና ጋር ማን ይከራከራል?

ረይሃና ሦስት ቀን ሮጠች፤ በአራተኛው ሰውነቴ የሚወርደውን ወርዶ ጨርሷል፣ ደግሞ እኔን ሐኪም አላዘዘኝ ብላ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት መድና ብቻዋን ወጣች። ደስ ብሏታል፤ ከፊቷ ማንም የለም። አስፋልቱም የሷ ነው፣ የባጃጆቹም ሰላምታ ለሷ ነው። በሁለተኛው ቀን ምሰሶዎቹ የተራራቁ መሰላት። በሦስተኛው ቀን ግማሽ መንገድ ሄዳ ተመለሰች። በአራተኛው ቀን ጫማው በሩ ሥር፣ ካልሲው ጫማው ውስጥ፣ ሱሪው ወንበሩ ላይ ሆነው ጠበቋት፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኑሪን ቀስቅሰኝ ብላው ነበር። ቀሰቀሳት፤ ግን ለቡና ንግዱ ወደ ሸቤ የሚሄድበት መኪና እየጠበቀው ስለነበር ደግሞ አልጠራትም።

ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። ሲስተር ብርሃንነሽ የሰጠቻት ቀጠሮ ወር አልቀረውም። መድና የምትሠራበት ዕቃ ሲበላሽ ሳትማረር ፈትታ የምታይ ሴት ናት፤ ራሷንም እንደ መኪናዋ ፈትታ አየችው። ስኳሩን ፈርታ ስንት ቀን ተነሳች? ሁለት፣ ሦስት ቀን። ለእናቷ እግር ብላስ? አንድ ሳምንት። የቀረውን ጠዋት ሁሉ ያስነሳት ያ አረንጓዴ ሻሽ ነው። ከአልጋ ጎትቶ የሚያወጣት ቅናት ነበር፤ ቅናቷንም በገዛ እጇ ቤቱ አስገብታ አስተኝታዋለች።

በዚያው ሳምንት ረይሃና ቀሚሱን አመጣችው። እግረ መንገዷን ከገዛችው ቦምቦሊኖ አንዱን እየበላች፣ ጎኑን ፍቺና እንደ ድሮው መልሺልኝ፣ መቼም መወፈሬ አይቀርም አለች። ሳቅ ብላ ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

መድና የፈለገችው ይሄው መጣላት። ምላጯን አውጥታ ስፌቱ ላይ አደረገች። ደቃቅ፣ አንድ ላይ የተሰለፈ፣ ራሷ የሰፋችው ስፌት ነው። ሦስት ቆረጠች። አራተኛው ላይ እጇ እምቢ አለ። አስታግፊሩላህ ብላ ምላጩን አስቀመጠች፤ ሁለቱን ሜትሮች ይዛ ሦስት በር ወረደች።

ረይሃና ኮረሪማ እየፈለፈለች ነበር። መድና ሜትሮቹን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ መቶ ቁጥሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"የቱ ነው ትክክሉ?" አለች ረይሃና።

"አዲሱ። መጨረሻ ጊዜ የለካሁሽ በሱ ነው። የበፊቶቹን በአሮጌው። ሦስት ቀንሰሽ ነበር።"

"አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው።"

"ጨርቁስ?"

"እንደሱ ያለ ጨርቅ አይለቅም።"

"ማሊፍ?" አለች ረይሃና። ለምን ማለቷ ነው፤ ስትናደድ ወደ ኦሮምኛ ነው የምትሄደው።

መድና መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ሦስቱን በር ስትወርድ ግን ተበተነባት። ሰው ሁሉ የሚያየው አንቺን ነው፣ የታመምኩት እኔ፣ የቀነስሽው አንቺ አለች፤ አጉል ወጣባት። ከዚያ ሳትፈልገው የመጨረሻውን ተናገረች። "ካልመጣሽ አልነሳም። ወላሂ፣ ጀርባሽን ካላየሁ እግሬ አይንቀሳቀስም።"

ረይሃና አዲሱን ሜትር አንስታ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። "ቁሚ" አለቻት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ስትለካ የኖረችው መድና በኮረሪማ ጆንያ መካከል ክንዷን አንስታ ቆመች። ረይሃና ቁጥሩን አነበበች፤ ጎረቤቱ ጎሳዬ ከጫማ ሱቁ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብላ።

"መቶ ስድስት። ጨጨብሳውን ተይ። ሩፈይዳ ነግራኛለች።"

ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ ቀሚሱን መልሺልኝ፣ ከእንግዲህ የሚያጠብልኝ ሌላ ሰው ነው አለች። ሌላ ሰው ያለችው ማንን እንደሆነ መድና አላጣችውም። ጽዮናዊት ናት፤ ከመስጊዱ ማዶ በኤሌክትሪክ መኪና የምትሰፋው ወጣት።

"ነገ ከሱብሂ በኋላ እወጣለሁ" አለች ረይሃና ወደ ኮረሪማዋ እየተመለሰች። "እንደ ድሮው ግን አልጠብቅሽም።"

አልጠበቀቻትምም። መድና ስትደርስ አረንጓዴው ሻሽ ሁለተኛውን ምሰሶ አልፏል። አይዞሽ የሚላት የለም፤ ዞር ብሎ የሚያያትም የለም። በሳምንቱ ረይሃና ያንን ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ወገቡ ጠቧል። መድና ከሩቅ ስፌቱን ለማየት ሞከረች። ጠማማ መሰላት። ጠማማ መሆኑን ማረጋገጥ አለባት። ፈጠነች፤ ሦስተኛውን ምሰሶ አለፈች፣ አራተኛውን አለፈች፣ ሳንባዋ ሊፈነዳ ሲል ክንድ በሚያህል ርቀት ደረሰችበት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። እንደሷው ስፌት ቀጥ ያለ።

በሕይወቷ አራት ምሰሶ ሳታቋርጥ ስትሮጥ የመጀመሪያዋ ነው። ልብ አላለችውም።

ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ጤና ጣቢያው ሚዛን ሰማንያ ሦስት አለ። አንድ ኪሎ ቀርቷታል። ሲስተር ብርሃንነሽ ስኳሩንም አይታ መውረዱን ነገረቻት፤ ኪኒኑን አንድ ወር እናቆየው፣ እንዲሁ ቀጥይ አለቻት። መድና አልሐምዱሊላህ አለች፤ እፎይታው እግሯ ድረስ ተሰማት። ጫማዋን እያሰረች ግን ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ረይሃና በጠዋት መጥታ ሳትመዘን አልቀረችም፤ ስሟ ያለበት የካርዷ ጫፍ ከሌሎቹ መካከል ብቅ ብሏል።

"ሲስተር፣ እሷስ ስንት ገባች?"

ሲስተር ብርሃንነሽ ካርዱን በመዳፏ ሸፈነችው።

"የሰው አይነገርም" አለች። "አንቺስ ሱቅሽ ውስጥ ትናገሪያለሽ?"