የፈንታነሽ የጾም ድስት

ያን ረቡዕ ደብረ ታቦር ላይ የወረደው ዝናብ የሐምሌን ዝናብ የለመደውን ሰው ሳይቀር አስገርሟል። ጭጋጉ ከጠዋት ጀምሮ ከየቆርቆሮው ላይ ሳይነሣ ዋለ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሽምብራ የሚያህል በረዶ ተከተለ። ከፈንታነሽ ምግብ ቤት በር ላይ ጎርፉ እንደ ወንዝ ይጮኻል። ከሰሉ ርሷል፤ ሽሮው አልቋል፤ እሷም ደክሟታል።

ፈንታነሽ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ትታ ድስት የያዘች ሴት ናት። ከመናኸሪያው በታች ያለችውን ባለ ሦስት ጠረጴዛ ቤት ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ትሠራለች። ከእሷ የተሻለ ወጥ የሚሠሩ በከተማው ሞልተዋል፤ ይህን እሷም አትክድም። ረቡዕና ዓርብ ግን ሰው የሚመጣው ወደ እሷ ነው። የጾም ድስቷን ቅቤ ነክቶት አያውቅማ! የፍስኩ ድስት በግራ፣ የጾሙ በቀኝ፤ ማማሰያው እንኳ ለየብቻ ነው። አንድ ጊዜ የቀጠረቻት ልጅ ማማሰያ ብታቀያይርባት ድስት ሙሉ ወጥ ለውሻ ደፍታዋለች። ያየ ላላየ አወራ፤ የጾም ቀን መተዳደሪያዋ ሆኖ ቀረ።

ታናሽ እኅቷ መክሊት ባሕር ዳር ሱፐርማርኬት ውስጥ ትሠራለች። በዚያ ሰሞን ለዕረፍት ስትመጣ አንድ ካርቶን ሙሉ የታሸገ መኮሮኒ ይዛላት መጣች።

«እታለም፣ ሽንኩርት ስትከትፊ መኖር ይብቃሽ። ውኃ ታፈያለሽ፣ መኮሮኒውን ትጨምሪያለሽ፣ ከውስጡ ያለችውን ዱቄት በቅቤ ትለውሻለሽ፤ አለቀ።»

«እኔስ ከዚያ በኋላ ምን ልሠራ?»

«ቁጭ ትያለሻ!»

«ቁጭ ማለትን ማን አስተምሮኝ» አለችና ካርቶኑን ከአልጋዋ ሥር ገፋችው።

እንግዲህ በዚያ ረቡዕ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፣ የንስሐ አባቷ መምሬ ይሻው ጋቢያቸው ውኃ እያንጠባጠበ የገቡት። ጋፋት በኩል ቀብር ውለው በእግራቸው መመለሳቸው ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

«ፈንታነሽ፣ ያለሽን ስጪኝ ልጄ። ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቋል።»

ሽሮ የለም ማለት አፈራት። ካርቶኑ ትዝ አላት። መኮሮኒ እንደሆነ የጾም ነው፤ በቲማቲም ሁሉም ይበላዋል። ከአንዱ ፓኮ ውስጥ ትንሽ ከረጢት ወጣች፤ ከላይዋ በእንግሊዝኛ ተጽፎባታል፤ ዱቄቱ ብጫ ነው። እርድ ነው ብላ አሰበች። መክሊት በቅቤ ያለችውንም «ዛሬማ ረቡዕ ነው» ብላ በዘይት ለወጠችው። የጾሙን ድስት በቡታጋዙ ላይ ጣደች፤ ቃሪያ ከተፈችበት፤ አቀረበች።

መምሬ ባርከው ቀመሱ። «ምንድን ነው ይኼ? ጉሮሮ ሳይነካ ይወርዳል እኮ!»

«እርድ ነው አባቴ። የባሕር ዳር እርድ።»

«የባሕር ዳር ሰው ታድሏል! እስቲ ድገሚኝ።»

ሁለተኛውን ሳህን በዳቦ ሲጠርጉ መክሊት ከዝናብ እየሮጠች ገባች። የተከፈተውን ፓኮ አየች፤ መምሬን አየች።

«እታለም፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ምነው?»

«ዱቄቱ እኮ አይብ ነው።»

የመምሬ ዳቦ ጢማቸው ዘንድ ደርሶ ቆመ። ፈንታነሽ ቀድማ ያየችው መምሬን ሳይሆን ድስቱን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቃው! የንስሐ አባቷን ጾም ያስገደፈች ሴት ዘንድ ከነገ ወዲያ፣ ዓርብ፣ ማን ይመጣል?

«አባቴ፣ ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!»

«ምድር በዚህ ዝናብ ጠግባለች፤ አንቺን አትፈልግም» አሉና መምሬ ሳህኑን ቀስ አድርገው ገፉት። «ሳታውቂ ነው፤ እኔም ሳላውቅ ነው። ለአንቺ አርባ ስግደት። ለእኔ ሰማንያ።»

«ለአንቱ ስለምን ይበዛል?»

«ደግሜያለኋ!»

መክሊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈንታነሽ አልሳቀችም። «ሰው ቢሰማስ?» አለች።

«ይሰማል፤ እኔው ነኝ የምነግረው። ሌላ ሰው ካወራው ሐሜት ነው፤ እኔ ካወራሁት ትምህርት ነው።»

በማግሥቱ ማኅበር ላይ ጠላቸውን ይዘው ነገሩን አንድ ሳያስቀሩ፣ መድገማቸውን ጭምር፣ ተናገሩ አሉ። ፈንታነሽ በዚያው ቀን አሮጌውን የጾም ድስት ወደ ግራ አዛወረችና አዲስ ድስት ገዛች።

ዓርብ ሽሮዋን ሠርታ በሩን እያየች ተቀመጠች። እስከ ቀትር ድረስ ማንም ድርሽ አላለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷ ግን የምትለቅመውም ያጣች መሰላት። በኋላ የሐሙሲት ሚኒባስ ሾፌር ጥላዬ አንገቱን በበሩ አሰገገ።

«ፈንታነሽ፣ መምሬን ያስገደፈችው ዱቄት አለች?»

«ዛሬ ዓርብ ነው። ሽሮ ከበላህ ግባ፤ ካልበላህ በሩን ዝጋ፣ ብርድ ነው።»

«እበላለሁ እንጂ! ስለ ሽሮሽማ መምሬ መሰከሩልሽ፤ ‹አዲስ ድስት የገዛችው ለእኛ ጾም ብላ ነው› አሉ። መኮሮኒዋን ግን ለነገ ያዥልኝ።»

ከኋላው ሦስት ሰዎች ገቡ፤ ከእነሱ በኋላ ሌሎች። ሁሉም እየሳቁ ሽሮ በሉ፤ ሁሉም ለቅዳሜ መኮሮኒ አዘዙ።

የካርቶኑን ዱቄት ዳግመኛ በድስቷ ልትከት አልፈለገችም። ከጋፋት አይብ አስመጥታ በገዛ እጇ ሞከረች። መጀመሪያ አይቡ እንደ አሸዋ ተበተነባት። ወተት ጨመረች፤ ጥቂት የስንዴ ዱቄት አማሰለችበት፤ ቅቤና ኮረሪማ አከለችበት፤ ተያዘላት። ከፍስክ ቀን በአንዱ መምሬ መጥተው ቀመሱ።

«ያኛው ይለሰልስ ነበር» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

«ያኛው ሰማንያ ያሰግዳል አባቴ።»

«ይኼኛውን ድገሚኝ» አሉ።

የቀረውን ካርቶን መክሊት ለልጆቿ መልሳ ወሰደችው። ፈንታነሽ ዛሬም ከመናኸሪያው በታች እዚያችው ቤት ናት። ወገቧን ያማታል፤ ሽንኩርት ትከትፋለች። የፍስኩ ድስት በግራ፣ የጾሙ በቀኝ ነው።