ረቡዕና ዓርብ የማይተኮስበት ቤት

ሰርካለም ሰው ፊት መናገር አትወድም። ገበያ ስትወጣ እንኳ ተከራክራ አታውቅም፤ ሻጩ ያለውን ሰምታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እሺ» ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ነው የምትቆመው። እንዲህ ያለች ሴት ላሊበላ ውስጥ ጌም ቤት ትከፍታለች፣ የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ደጇን ያጣብባል ብሎ ማን ያስብ ነበር? እሷም አላሰበችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርካለም ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበረች። ያ ክፉ ጊዜ፣ ጦርነቱ፣ መጣና እንግዳ ቀረ። ባለ ሆቴሉ ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ በደመወዟ ፈንታ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥንና ልጁ ሲጫወትበት የነበረውን ጌም ሰጣት። ተሸክማ አመጣችው። ምን እንደምታደርገው ግን አላወቀችም።

«ጎረምሳ አስቀምጪበት» አለቻት ነጅሚያ። ነጅሚያ ጎረቤቷ ናት፣ ግድግዳ ለግድግዳ፤ ትንሽ ሱቅ አላት፣ አፏም ፈጣን ነው። «እኔ ከረሜላ እሸጥላቸዋለሁ፣ አንቺ አጫውቻቸው።»

«ቢጣሉስ?»

«ውጭም ቢሆን ይጣሉ የለ እንዴ ሰርኬ? ቢያንስ እዚህ ተቀምጠው ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መጋረጃ። ሁለት ዓይነት ጌም ነበር፣ የኳሱና የተኩሱ። ኳሱን ወዲያው ለመደችው። ተኩሱን ያየች ቀን ግን አማተበች። ሰው ሰውን ያሳድዳል፣ ይተኩሳል፣ ደሙ ግድግዳ ላይ ይረጫል፤ ልጆቹ ደግሞ ይስቃሉ። የነፍስ አባቷን ልትጠይቅ አሰበችና አፈረች። «አባ፣ እቤቴ በቀን አርባ ሰው ይሞታል» ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ስለዚህ ብቻዋን አሰላስላ ፈረደች። ደም ያለበት ነገር ፍስክ ነው። ፍስክ ከሆነ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አይነካም። አለቀ።

ልጆቹ መጀመሪያ የሞቱ እስኪመስሉ ሳቁ። «እታለም፣ ጠመንጃ ይጾማል እንዴ?» እያሉ አሾፉባት።  እሷ ግን ረቡዕ ሲሆን የተኩሱን ሲዲ አውጥታ ከዱቄት ዕቃው ጀርባ ትደብቀዋለች፣ በቃ። እያደር ለመዱት። እንዲያውም ስሙ ወጣለት፣ ኳሱ «የጾም ጌም»፣ ተኩሱ «የፍስክ ጌም» ተባለ። ከጋሸና የሚመጡ ሹፌሮች ሳይቀሩ «ዛሬ ጾም ነው ፍስክ?» ብለው ነው የሚገቡ።

ሌላም ሕግ ነበራት። የተኩሱ ጌም ድምፅ አይከፈትም። ይሄ ከጾም አይደለም፣ ለነጅሚያ ነው። አንድ ቀን ልጆቹ ድምፁን ከፍ ቢያደርጉት ነጅሚያ ከሱቋ ስትሮጥ ወጥታ ደጅ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ያ ሁሉ አፍ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት የሚተኮሰው በዝምታ ነው። የሚሰማው የልጆቹ ጣት ጠቅ ጠቅ ሲል ብቻ።

ደግሞ ትወዳቸው ነበር። የማንን እናት ምን እንዳመማት ታውቃለች። አረጋ ሲሸነፍ ጆሮው እንደሚቀላ፣ ደሳለ ሲያሸንፍ እንደሚዘፍን ታውቃለች። አረጋ ዝምተኛ ነው፣ እንደ እሷ። ደሳለ ድንጋይ ጠራቢ ነው፣ ሳቂታ፣ ምላሱ ግን እንደ መሮው ነው።

አንድ ሐሙስ መብራት ሄደ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣ። አረጋና ደሳለ ደጇ ላይ ነበሩ፣ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እታለም፣ የፍስኩን ክፈችልን።»

«ዓርብ ነው።»

«ቅዳሴ ወጥቷል እኮ! ሰው ሁሉ በልቷል። ትናንት ሙሉ ቀን ጨለማ ውስጥ ነው የዋልን» አለ ደሳለ። «ለግማሽ ሰዓት። ማን ያያል?»

አዘነችላቸው። እምቢ ማለትም አትችልበትም፣ እውነቱ ይሄ ነው። ሲዲውን ከዱቄት ዕቃው ጀርባ አወጣችና ሰጠቻቸው።

አረጋ ደጋግሞ ሞተ። ደሳለ ዘፈነ። ከዚያ ወደ አረጋ ጠጋ ብሎ በጆሮው የሆነ ነገር አለው። አልሰማችም። የሰማችው የአረጋን መልስ ነው። ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ «ውጭ ላይ በእውን ነው የምጨርስህ» አለ።

ይሄ እዚያ ቤት አዲስ ቃል አይደለም። በቀን ሃምሳ ጊዜ ይባላል፤ ገደልኩህ፣ ጨረስኩህ፣ ቀበርኩህ። እሷም ጆሮዋ ለምዶታል። ግን ያን ዕለት የአረጋ ጆሮ አልቀላም ነበር፤ ነጭ ሆኖ ነበር። አየችው፣ ዝም አለች።

ሲመሻሽ ደሳለ ከኋላው በዱላ ተመቶ መንገድ ጥግ ላይ ወድቆ ተገኘ። ጤና ጣቢያ ወስደው ጭንቅላቱን ሰባት ቦታ ሰፉት። ማን እንደመታው «አላየሁም» አለ።

እንግዲህ የሰው አፍ ማን ይዘጋል? ቅዳሜ ገበያው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ሆነ። ያ ጌም ነው፣ ያ ጌም ልጆቻችንን ገዳይ እያደረገ ነው፣ ይዘጋ። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ደርበው ሁሉንም ሰምተው «እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ ይቀመጥ» አሉ። አውጫጭኝ ማለት ማን እንደሠራው ያልታወቀ ክፉ ነገር ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ ይሰበሰብና ሰው በተራው እየተነሣ ያየውንና የሰማውን በመሐላ የሚናገርበት ነው። ደባቂ ዘሩ አይባረክም ይባላል።

«አትፍሪ» አለቻት ነጅሚያ ቅዳሜ ማታ በሩን ስትዘጋ። «ዓርብ ነው የተመታው። ዓርብ አንቺ ቤት ተኩስ እንደሌለ አገር ያውቃል። ወላሂ፣ ማንም አይዘጋብሽም።»

ሰርካለም ግን ዓርብ ከፍታዋለች። ለነጅሚያ እንኳ መንገር አቃታት። ቤቱ ከተዘጋ እንጀራዋ ተዘጋ፤ ሆቴል የለ፣ አንሶላ የለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ መሐል ያለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ሰርካለም እንደ ልማዷ ከሁሉ ኋላ ናት። መጀመሪያ ክርክር ሆነ።

«ሰው መግደል ሲያስተምሩት የዋለ ልጅ ምን ሊያደርግ ነው?» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ተው እንጂ!» አሉ አንድ አዛውንት። «እኔና አባትህ የገና ጨዋታ ስንጫወት ቅልጥም ስንሰብር አልነበር? ይሄው ቅልጥሜ፣ የአባትህ ሥራ ነው። ገዳይ ሆንን?»

«እሱ ጌታም ቢመቱት የማይቆጣበት ነው፣ ሕግ አለው!»

«የሷስ ሕግ የለውም? ‹ዓርብ አትተኩስ› ይላል!»

ሰው ሳቀ። አቶ ደርበው ግን አልሳቁም። «ቆይ» አሉ። «ልጁ የተመታው ዓርብ ነው። ዓርብ ያ ጌም አይከፈትም። ይሄን የማያውቅ አለ?» የለም፣ ሁሉም ያውቃል። ነጅሚያ «አይከፈትም! እኔ ምስክር ነኝ!» አለች። «እንግዲያ ቤቱ ነጻ ነው» አሉ አቶ ደርበው። «ወደ ሰው እንሂድ። በተራ ማሉና ተናገሩ።»

አንድ በአንድ እየተነሡ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አሉ። የሰርካለም ተራ ደረሰ። አላየሁም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አላየሁም። ቢቆጠር አምስት ፊደል ነው። ቀላል ነው። አረጋ ከፊት ለፊት ተቀምጧል፣ መሬት መሬት ያያል።

ተነሣች። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ዓርብ... ዓርብ ከፍቼዋለሁ» አለች።

«ጎላ አድርጊው ልጄ» አሉ አቶ ደርበው።

«የተኩሱን። ዓርብ ለግማሽ ሰዓት ከፍቼዋለሁ፣ አባት። ለምነውኝ። አረጋና ደሳለ ነበሩ። አረጋ ‹በእውን እጨርስሃለሁ› ሲል ሰምቻለሁ። ፊቱን አይቻለሁ። ዝም አልኩ። ያየሁት ይሄ ነው።» ቁጭ አለች። 

ነጅሚያ እጇን ያዘቻት። «አንቺ ሴት» አለቻት በሹክሹክታ፣ «በገዛ እጅሽ...»

 ከዚያ ማንም ሳይጠራው አረጋ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የመታሁት። እታለም አትበደል።»

«ለምን መታኸው?» አሉ አቶ ደርበው።

«እየሸሸሁ ስሞት... በጌሙ ማለቴ ነው... ‹ወንድምህም እንዲህ ሲሸሽ ነው የጠፋው› አለኝ።»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። የአረጋ ታላቅ ወንድም ኢያቄም በዚያ ክፉ ጊዜ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ሞቷል እንዳይባል አስከሬን የለ፣ አለ እንዳይባል ወሬ የለ። እናቱ ተዝካር አላወጣችም። ደሳለ ጭንቅላቱ እንደታሰረ ተቀምጦ እንባው ወረደ። «ለቀልድ ነበር» አለ። «ስለዚህ ነው ያልተናገርኩ። ያየሁት ጫማውን ነው፣ አውቄዋለሁ።»

«አሁን አንድ ነገር ንገረኝ» አሉ አቶ ደርበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንድትመታው ያደረገህ ስድቡ ነው ወይስ ጌሙ?»



«ስድቡ ነው አባት። ያን ቃል ገበያ ላይ ቢለኝም እመታው ነበር መሰለኝ። ግን እጄ ያን ሰዓት ሞቆ ነበር። ስንት ጊዜ ተኩሼ፣ ስንት ጊዜ ሞቼ። ባይሞቅ ኖሮ... አላውቅም። በእውነት አላውቅም።»

አቶ ደርበው ከዚያ በላይ አልጠየቁትም። አረጋ ድንጋይ ተሸክሞ ደሳለ እግር ላይ ወደቀ፣ ደሳለም አንሥቶ ሳመው፤ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ። ስፌቱ እስኪፈታ አረጋ በደሳለ ፈንታ ድንጋይ እንዲጠርብ ተፈረደበት። ደሳለ ደግሞ የአረጋን እናት ቤቷ ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ። ያኛው ሳይከብድ አልቀረም።

«ቤቱስ?» አለ ያ ጎልማሳ።

አቶ ደርበው ፂማቸውን አሻሹ። «እኛ ያን ዕቃ አናውቀውም። ብንዘጋው ልጆቹ ሌላ ቦታ ሄደው ያገኙታል፣ እዚያ ደግሞ ሰርካለም የለችም። በራሷ ላይ የመሰከረች ሴት ናት፤ ከሷ የተሻለ ዘበኛ ከየት እናመጣለን? ልጄ፣ ለማን እንደምትከፍች፣ ለማን እንደማትከፍች አንቺ ወስኚ። ግን ዝም አትበይ። አየሁ ካልሽ ተናገሪ።»

ዝም አትበይ። ለሌላ ሰው ምሕረት ነው። ለሰርካለም ግን ቅጣት ሆነባት፤ ቢዘጉት ይቀል ነበር ያለችበት ቀንም አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ቤቱ ሞልቷል። አረጋ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እጁ በመሮ ቆሳስሏል። ተራው ሲደርስ «የፍስኩን» አለ፣ ወደ እሷ ሳያይ።

ሰርካለም ፊቱን አየችው። ጆሮው ነጭ ነው።

«አልከፍትልህም» አለች። 

«ቅዳሜ እኮ ነው እታለም!»

«ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ። ፊትህ አላማረኝም። ና እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ፣ እንዳኮረፈ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያያሉ። ምን ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅማ።

«ወንድምህ» አለች በመጨረሻ፣ «ኢያቄም... ኳስ ይወድ ነበር?»

አረጋ ቀና አለ። ስለ ኢያቄም እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ሁሉም የሚጠይቀው ወሬ አለ ወይ ብሎ ነው።

«አይወድም» አለ። «አይችልም። በረኛ ነበር የምናደርገው፣ ያውም ያልፈዋል።» ሳቅ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ቀጠለ። መሬቱን እያየ ብዙ አወራ። እሷ አላቋረጠችውም።

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ሰለቸው። «እታለም፣ ጌም ቤት ነው ወይስ ንስሐ ቤት? ወረፋው ቆመ እኮ!»

ሰርካለም ዞር አለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

«ወረፋህን ጠብቅ» አለችው፣ ሰው ሁሉ ፊት።