ቀይ ክር፣ ነጭ ክር

ባለፈው ቅዳሜ ከምሠራበት ጎሚስታ ስመለስ እናቴና እትዬ አልማዝ በረንዳችን ላይ የደረቀ ቋንጣ ከገመድ ሲያወርዱ አገኘኋቸው። እትዬ አልማዝ በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸው ናቲ ዘንድሮ ወታደር ቤት ገብቷል፤ ስንቁን ቃሊቲ ድረስ ወስጄ ለሾፌር የማስረክበው እኔ ነኝ። የበርበሬውን ሽታ ሳሸት ወደ መጣሁበት መመለስ አማረኝ።

እኔም ወታደር ነበርኩ። የጦር ሰፈራችን ቆላ ነበር፤ አንድ ግራርና ብዙ አቧራ። ጠዋት ሻይ በኮቾሮ፣ ምሳ ምስር፣ እራት ያው ምስር። ኮቾሮ ደረቅ የወታደር ብስኩት ነው፤ ሻይ ውስጥ ነክረኸው እስኪለሰልስ ጫማህን ጠርገህ ትጨርሳለህ። ስለዚህ ከአንዳችን ቤት ስንቅ ሲመጣ የሁላችንም በዓል ነበር። ስንቅ ለብቻ አይበላም። ሸራ ተነጥፎ፣ ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ ይፈታል፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ባለቤቱ ከቤቱ ምንም ለማይላክለት ያጎርሳል። በእኛ መካከል ይህ ሰው ታምሩ ነበር፤ እናቱ በልጅነቱ የሞተችበት የወላይታ ልጅ።

እኛ የወሎ ሙስሊሞች ነን፤ አባቴ በጭነት መኪና ሾፌርነት አቃቂ መጥቶ ነው እዚሁ የቀረው። ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን እንደማይበላ፣ ክርስቲያን ያረደውንም ሙስሊም እንደማይበላ አገር ያውቃል። እናቴ ይህን አስባ፣ የገና ጾም ሳይገባ እንዲደርስ ከእትዬ አልማዝ ጋር ቀን ቆጥራ፣ ሁለት ጥቅል ቋንጣ ላከችልኝ። በነጭ ክር የታሰረው የቤታችን ነው። በቀይ ክር የታሰረው እትዬ አልማዝ ከክርስቲያን ሉካንዳ ገዝተው የዘለዘሉት።

«ቀዩ የታምሩና የመሰሎቹ ነው» አለችኝ በስልክ። «አደራ ሰይዶ፣ የሰው ሃይማኖት ነው።»

ጥቅሎቹ በደረሱ ጊዜ የበሩ ጥበቃ «ፍታው» አለኝ፤ የሚገባ ሁሉ ይፈተሻል። ፈታሁ። መልሼ ሳልቋጥር የመሰለፊያ ፊሽካ ተነፋ። ሁለቱንም አንድ የበሶ ከረጢት ውስጥ ገልብጬ ሮጥኩ። ሳላስበው አይደለም ያደረግሁት። እለየዋለሁ ብዬ ነው። ከድሮም በዓይኔ እመካ ነበር፤ ብሎን አይቼ ሳልለካ ቁጥሩን እናገራለሁ። የእናቴን አዘላዘል ላጣው ነው?

አጣሁት። ሸራው ላይ ሲፈስ ሁሉም አንድ ሥጋ ሆነ። ሁለቱ ሴቶች በርበሬ የሚያስፈጩት አንድ ላይ መሆኑ፣ ቋንጣ መዘልዘልንም ለእትዬ አልማዝ ያስተማረቻቸው እናቴ መሆኗ ያኔ ገና ትዝ አለኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ታምሩ ጉርሻውን እየጠበቀ ነበር።

«ምነው ሰይዶ፣ ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው?» አለ። ሁሉም ሳቁ።

«ተቀላቀለብኝ።»

«ምኑ?»

«የእናንተና የእኛ።»

ከሙስሊሞቹ አንዱ ዘርግቶት የነበረውን እጁን ጉልበቱ ላይ መለሰ። አሥር አለቃችን አንድ ቋንጣ አንስቶ በብርሃን አየው፣ አሸተተው፣ መልሶ አስቀመጠው። «እንግዲህ ሥጋው ራሱ ካልተናገረ በቀር» አለ። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሸራውን አጣጥፈው፣ ሻይ አፍልተው፣ ኮቾሯቸውን ነከሩ። ከረጢቱ ግራሩ ላይ ተሰቅሎ ሰነበተና በመጨረሻ ለውሾች ሰጠሁት። ታምሩ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እነሱ ታደሉ፣ ከሁለት ቤት ይላክላቸዋል» አለ፣ ሊያስቀኝ።

ስልክ የሚሠራው ከሰፈሩ ጀርባ ካለው ኩይሳ ላይ ስንወጣ ነው። በሳምንቱ ከታምሩ ጋር ወጥተን ስፒከሩን ከፍቼ ደወልኩ።

«በላችሁ?» አለች እናቴ። «ታምሩስ በላ?»

ታምሩ ስልኩን ከእጄ ነጠቀ። «እናቴ፣ ታምሩ ነኝ! እጅዎ ይባረክ። ሁለቱንም ቀመስናቸው፣ አንዱ ካንዱ አይበላለጥም!»

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ነበር።

«አብሽሩ ልጆቼ» አለች በኋላ። «አላህ ይጠብቃችሁ።»

ታምሩ ስልኩን እየሳቀ መለሰልኝ፤ እኔም ተገላገልኩ አልኩ። ከዚያ ወዲያ እስክመለስ ድረስ እናቴ የላከችልኝ ዳቦ ቆሎ ብቻ ነበር። ሥጋ ተወዶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ አልማዝ ቀይና ነጭ ክር አቀበሉኝ። ናቲም ሙስሊም ጓደኞች ስላሉት የአሁኑ ነጭ ጥቅል የእነሱ ነው። ላስር በርከክ ስል እናቴ «ክሩን ተወው» አለችና ከጓዳ ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች አመጣች። «ወታደር ቤት ፍተሻ አለ፣ ጥድፊያ አለ።»

«አንቺ ደግሞ!» አሉ እትዬ አልማዝ። «የሰይድ ጊዜ በክር ደርሶ የለ?»

«ደርሷል» አለች እናቴ። ክዳኑን እየተጫነች፣ እኔን ሳታየኝ ጠየቀችኝ፦ «ያ ሁለቱንም ቀመስን ያለኝ ልጅ ደህና ነው?»

ሁለቱንም። ክርስቲያኑ ታምሩ የእኛን እንደማይቀምስ እሷ ታውቃለች። ኩይሳው ላይ ቆመን ተገላገልን ስንል እሷ እዚህ ገብቷት ነበር፤ ገብቷትም ይኸው እስከ ዛሬ ለእትዬ አልማዝ እንኳ አልተነፈሰችም።

«ደህና ነው» አልኩ።

«አንድ ቀን ይምጣ። የእሱን እትዬ አልማዝ ጋ እናሠራለታለን።»

እናት ስትቆጣ ይቅር በይኝ ይባላል። እንዳላወቀች ሆና ለኖረች እናት ምን እንደሚባል ግን አላውቅም። ባልዲዎቹን ይዤ ወጣሁ። ቃሊቲ ስደርስ ሾፌሩ ተቀበለኝና አንዱን ባንዱ ላይ ሊደርብ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ምን ሆነሃል ወንድሜ፣ ክዳን አላቸው እኮ» አለኝ።

«ቢሆንም» አልኩት። «ለየብቻ አስቀምጥልኝ።»