ያልመጣው ክፍል ሁለት

ዛሬ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ፣ ረዳቱ ከአውቶቡሱ ላይ ዕቃ ሲያወርድ የሰሊጥ ጆንያ ሽታ ባለሁበት አቆመኝ።

ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ፊልም የሚከራየው ከጎንደር ነበር። ሲዲዎቹ በሰሊጥ ጆንያ ቁራጭ ተጠቅልለው በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ አይተናቸው ይመለሳሉ። የማስጫኛው ዋጋ ሲጨምር ግን ባለቤቱ ጋሽ ደሴ ከባለሁለት ሲዲው ፊልም የመጀመሪያውን ብቻ አስመጡ።

ፊልሙ ላይ አንድ ልጅ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። እናቱ በር ላይ ቆማ ስታየው አለቀ።

ልጃቸው ሱዳን ሄዶ የቀረባቸው እትዬ የሺ ከአግዳሚው አልተነሱም።

«ልጁስ ተመለሰ?»

«ክፍል ሁለት አልመጣም፤ ማስጫኛው አልቻል አለ።»

«እስቲ እንደ ልማድዎ ይጨርሱልኝ።»

ጋሽ ደሴ የጎደለውን ፊልም ከራሳቸው ፈጥረው ያወሩልን ነበር። ያን ዕለት ግን አንገታቸውን ደፉ።

«ለሌላው እዋሻለሁ። ለርስዎ አልችልም።»

ከዚያ ወዲህ እትዬ የሺ እስኪሞቱ ድረስ የጎንደሩን አውቶቡስ እየጠበቁ «ክፍል ሁለት ነው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ረዳቱ ጆንያውን ከፍ አድርጎ «የማን ነው?» አለ። ከኋላዬ «ክፍል ሁለት ነው?» የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።