አራስ ቤት የነደደው ከሰል

የኬሚስትሪ መምህርነት የጀመርሁት አምበር ከተማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ርዕሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ ሰጡኝና «ላብራቶሪ የለንም፤ በአፍሽ አንድጂው» አሉኝ። በአፌ አነደድሁት። አሥራ ሁለት ግራም ካርቦን ሠላሳ ሁለት ግራም ኦክስጅን ይወስዳል፤ አርባ አራት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህንኑ እስከ ጡረታዬ አስተማርሁ። ሲሳሳቱ እቆጣለሁ፤ ተማሪዎቼ ይመስክሩ።

ኋላ ሉማሜ ተዛወርሁ። እዚያ አስናቀ የሚባል የሒሳብ መምህር ጎረቤቴ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ እንደገባ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ሚስቱ ትሁን ወለደች። ሳምንት ሳይሞላት አስናቀ መምህራን ክፍል ጠጋ አለኝ።

«እትዬ ሰናይት፣ ቤቱ ጤና የለውም።»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ትሁንን በስሟ የሚጠራት አለ። ነጠላ የለበሰች ሴት ከግርጌዋ ቆማ ታያታለች። ትናንት ድምፁን እኔም ሰማሁት። ልጁ ጡት አይዝም፤ ዝም ብሎ ይተኛል።»

አራስ ናት፣ ቃዥታ ነው ልለው ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ተውሁት።

ከቀትር በኋላ ሄድሁ። ዝናብ ያካፋል። የአስናቀ እናት እመት ይርገዱ አስገቡኝና በሩን ወዲያው ዘጉት። መስኮቱ በጆንያ ተወትፏል፤ የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ተመርጓል። ትሁን ከተኛችበት አልጋ ራስጌ ቢላ ተቀምጧል። ወለሉ መሐል የከሰል ምድጃ አለ፤ ጭስ የለውም፤ ፍሙ ፈዟል።

«ይሄ ሁሉ ጭቃ ምንድን ነው?» አልሁ።

«መጀመሪያ ለብርዱ ነበር። ያቺ ከመጣች ወዲህ ግን መግቢያ ላሳጣት ብዬ ነው። ማርያምን፣ አንዲት ቀዳዳ አልተውሁም። በደፈንሁ ቁጥር ግን ይብስባታል።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኋት ትሁንን። ዓይኗ ግርጌዋ ላይ ተተክሏል።

ቆየት ብሎ «ሰናይት» የሚል ሰማሁ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያውቀኝ ሰው። የእመት ይርገዱ አፍ አልተንቀሳቀሰም። ቀና ስል ከአልጋው ግርጌ ነጭ ለብሳ ቆማለች። በስመ አብ!

ስፈራ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ልማዴ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ስንት ኦክስጅን ይፈልጋል? ሠላሳ ሁለት ለአሥራ ሁለት ሲካፈል... ሲካፈል... አልመጣልኝም። ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ የምመልሰው ሒሳብ! እንደገና ስጀምር አሥራ ሁለቱም ጠፋኝ። ከሴትዮዋ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ልጁን ያውጡት! ሁላችሁም ውጡ!»

እመት ይርገዱ በሩን በጀርባቸው ያዙት። «አራስ ወደ ዝናብ? ይህን የምትናገሪው አንቺ አይደለሽም! ልጄን ወደ ደጅ የምትጠራው እሷ ናት!»

ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። በዳዴ ሄጄ ጆንያውን ጎትቼ ነቀልሁትና ደጅ የነበረውን አስናቀን ተጣራሁ። በሩን ከነእናቱ ገፍቶ ገባ። ልጁን ይዞ ወጣ፤ ትሁንን ደግፈን አስከተልናት።

ዝናቡ ፊቱ ላይ እያረፈ ልጁ ዝም አለ። «ልጄ! ልጄ!» ይላል አስናቀ። እኔም ደጁ ጭቃ ላይ ተቀምጬ እመቤቴን እለምናለሁ። ልጁ አንዴ አነጠሰ፤ ቀጥሎ አለቀሰ። እመት ይርገዱ መሬቱን ሳሙ።

እናትና ልጅን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ካደረስን በኋላ ለአስናቀ አስረዳሁት። አንድ ኪሎ ከሰል በደንብ ሲነድ ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ኦክስጅን ይበላል፤ የደጋ አየር ደግሞ ስስ ነው። ኦክስጅኑ ሲያንስ ካርቦኑ ሁለት ኦክስጅን መያዙ ይቀርና አንድ ብቻ ይዞ ይወጣል። ያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ሰው ያቃዣል፤ ከቆየም ይገድላል።

አብረውን የመጡት እመት ይርገዱ ይህን ሰምተው «የነጠላዋ ጥለት ምን ዓይነት ነበር?» አሉኝ።

«ጥቁር» አልሁ።

ትሁንም ጥቁር ብላቸው ነበር። ጥለቱን ማየቴን አላስታውስም፤ ማን እንደነገረኝም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። በጋዙ ብቻ ላስረዳው አልችልም።

እናንተ ወጣት መምህራን፣ የቃጠሎ ሒሳብ ስታሠሩ ኦክስጅኑ ስንት ነው ብላችሁ ጀምሩ። ቤት ውስጥ ከሰል ካለ ግን ሒሳቡ ይቆይ፤ መጀመሪያ በሩን ክፈቱ።